ሲሃሪ የለቀምንባቸው ሐሙሶች

ባለፈው ሳምንት ከፒኜቶ ወደ ፒያሳ ቪቶሪዮ በሚሄደው ትራም ውስጥ አንዲት ወጣት አጠገቤ ተቀመጠች። ፀጉሯን አንድ ወፍራም ጉንጉን ተሠርታ ወደ ኋላ ለቃዋለች፤ የትምህርት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ስልኳ ላይ ትጽፋለች። የሰው ስልክ ማየት ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ዓይኔ ግን ፊደሎቹ ላይ ሄዶ ቀረ። ልብስ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ሁሉም ከላይ በአንድ አግዳሚ መስመር ተንጠልጥለዋል። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን ምልክት፣ ቀጥ ብላ ቆማ ጫፏን በቀኟ ባለው ፊደል ራስ ላይ የምትደፋ፣ ሦስት ቦታ ላይ አየኋት።

«ሲሃሪ» አልኩ። ድምፄ መውጣቱን ያወቅሁት ልጅቷ ስትዞር ነው።

«ስኩዚ ሲኞራ፣ ምን አሉኝ?»

«ይቺ ምልክት። ሲሃሪ አይደለችም?»

«ነች» አለች ገርሟት። «ፑንጃቢ ያነባሉ እንዴ?»

«አንድ ቃል አላነብም። እሷን ብቻ ነው የማውቃት።»

ሳቀች። እዚሁ ሮም ተወልዳ ኢንፎርማቲካ፣ የኮምፒዩተር ትምህርት፣ የምትማር ልጅ ናት፤ የምትጽፈው ለአያቷ ነበር። ትራሙ ፖርታ ማጆሬ እስኪደርስ ድረስ ባጭሩ ነገርኳት፤ ድሮ ከአንድ የአገሯ ሰው ጋር ቦታቸውን የሳቱ ሲሃሪዎችን በእጃችን አንድ በአንድ እየለቀምን ወደየፊደላቸው ስንመልስ አምስት ወር እንደፈጀብን።

«ውይ ሲኞራ» አለች፣ ከልቧ አዝና። «ይሄ እኮ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያኔም ቢሆን የሚያውቅ ሰው አግኝታችሁ ቢሆን ኖሮ...» ፊቴን አየችና ንግግሯን አቋረጠች። ወዲያው መውረጃዋ ደረሰ። እኔ ግን መውረጃዬን አልፌ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄድኩ። የሚያውቅ ሰው ስላላገኘን በስንት ዓመቴ ተመስገን አልኩ።

ጊዜው ሊራ ሄዶ ዩሮ የገባበት ሰሞን ነው። ባር ገብተን አንድ ካፌ በሺህ አምስት መቶ ሊራ ስንጠጣ የኖርን ሰዎች ሳንቲሙን መዳፋችን ላይ እያገላበጥን ገንዘብ አይመስልም የምንልበት ጊዜ። እኔ ሞንቴቬርዴ ውስጥ አንዲት መበለት ሲኞራ ቤት እያደርኩ እሠራ ነበር። ዕረፍታችን እንደ ሁሉም የቤት ሠራተኛ ሐሙስ ከሰዓት እና እሑድ ነው። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ግን የአገሬ ልጆች ያላቸውን ሁሉ ለብሰው ቴርሚኒ ይወጣሉ። ያን ጊዜ እስከ ጉልበት የሚደርስ የቆዳ ካፖርት ፋሽን ነበር፤ ጥቁር ወይም የወይን ጠጅ ቀለም፣ ወገቡ ላይ በቀበቶ የሚታሰር። ከካፖርቱ በታች ተረከዘ ረጅም ቡትስ፣ ከላይ በካስክ የደረቀ ፀጉር። ማዕዘኑ ላይ ቆመው ሲስቁ ላያቸው ቀን ሙሉ የሰው ወለል የሚወለውሉ አይመስሉም። እኔም ካፖርቱ ነበረኝ፤ የወይን ጠጁ። እሱን ለብሼ በእነሱ በኩል አልፍና ሰላምታ ሰጥቼ ወደ ሲኞር ኤቶሬ ሱቅ እወርዳለሁ።

ሲኞር ኤቶሬ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ማተሚያ ቤት የነበራቸው የሮም ሰው ናቸው። ድሮ የሠርግ ካርድ ያትሙ ነበር። ሰፈሩ በኛና በቻይኖች፣ በባንግላዴሾችና በሕንዶች ሲሞላ ማሽኑን ሸጠው ፎቶ ኮፒ፣ ፋክስ፣ የስልክ ካርድና ሁለት ኮምፒዩተር ይዘው ቀሩ። ከባንኮኒው በላይ ያለው ሬዲዮ ሁልጊዜ የድሮ የሮማውያን ዘፈን ያንቆረቁራል፤ እሳቸውም ከፋክሱ ጩኸት ጋር እየተሻሙ ያንጎራጉራሉ። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ስምንት ሴቶች በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ፕሊሲ ጉርድ ቀሚስና ወፍራም ሶል ጫማ አድርገን፣ ፊደሉን መትተን ቅጥሉን ደግሞ ለብቻ እየመታን፣ በር ላይ ላለፈ ሰው ዝናብ የሚዘንብ እስኪመስለው ድረስ እንጽፍ ነበር። ሲኞር ኤቶሬ ይህን ሲሰሙ የጥጉን ኮምፒዩተር ሐሙስ ሐሙስ ለቀቁልኝ። የክርስትና ጥሪ፣ የተዝካር ማስታወቂያ፣ የማኅበር ደብዳቤ በአማርኛ የሚያስጽፍ ሁሉ ወደዚያ ይመጣ ነበር።

ጉርዲፕን ያወቅሁት እዚያ ነው። በሁለተኛው ኮምፒዩተር ላይ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ የሚቀመጥ ረጅም ሰው ነበር። ጥቁር ሰማያዊ ጥምጥሙ እጥፋቱ እኩል እኩል ነው፤ ኮቱ ከፖርታ ፖርቴዜ ገበያ የተገዛ ቢሆንም ክርኑ ላይ በቆዳ ተጠግኖ ያምርበታል። ከኦስቲያ ወዲያ ባለ የከብት እርባታ ላሞች ያልባል። ንጋት ላይ ያልብና ታጥቦ በባቡር ይመጣል፤ ማታም ስለሚያልብ በጣልያኖቹ አቆጣጠር አራት ሰዓት ተኩል ግድም ላይ መነሳት አለበት። አጠገቡ ሲቀመጡ አረንጓዴ የልብስ ሳሙና ይሸታል፤ ከሳሙናው ሥር ደግሞ ትንሽ ወተት። አገሩ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። ሚስቱ ሞታበት ልጅ ሳይወልድ ነው የመጣው።

ሲያነጋግረኝ «ብሄንጂ» ይለኛል። በአክብሮት እህቴ እንደማለት ነው። እኔም «ሲኞር ጉርዲፕ» እለዋለሁ። በተሰባበረ ጣልያንኛችን ሁለት ዓመት ሙሉ እርስዎ እየተባባልን ጀርባ ለጀርባ ጻፍን። እሱ በሁለት ጣቱ ነው የሚጽፈው። ከአንድ የተማሪ ደብተር እያየ፣ ጣቱ በውሃና በብርድ ተሰነጣጥቆ፣ ፊደል ሲፈልግ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

ደብተሮቹ ሰባት ነበሩ። የጻፏቸው አባቱ ናቸው። አባትየው ልጅ ሳሉ አገሩ ሕንድና ፓኪስታን ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ የተወለዱበት መንደር በማዶ ቀረ፤ እነሱ በእግር ወዲህ ተሻገሩ። አስተማሪ ሆነው ጡረታ ከወጡ በኋላ ያን መንደር በር በበሩ ጻፉት። ከጉድጓዱ ጀምረው በዚህ ቤት እገሌ፣ ልጆቹ እነ እገሌ፣ ሥራው ይህ፣ ጠባዩ ይህ እያሉ። ሰዎቹ ተበትነዋል፣ ብዙዎቹም መንገድ ላይ ሞተዋል፤ ስማቸውን ሌላ ቦታ የጻፈው የለም። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ጉርዲፕ ደብተሮቹን ተቀብሎ «መጽሐፍ አድርጌ አመጣልዎታለሁ፣ ራሴም አነብልዎታለሁ» ብሎ ቃል ገባ። ቀን በቀን ላም እያለበ ሐሙስ ሐሙስ የሚጽፈው እሱን ነበር።

ጽፎ በጨረሰበት ክረምት ዝናቡ በዛና እርባታው አጠገብ ያለው ቦይ ሞልቶ ሠራተኞቹ የሚያድሩበት ክፍል ገባ። ሐሙስ መጥቶ ኮምፒዩተሩን ሳይከፍት ቁጭ አለ። ቆይቶ «ደብተሮቹ ሊጥ ሆነዋል ብሄንጂ» አለኝ።

«የጻፉት አለ አይደል?» አልኩት። ዲስኬቶቹ የሲኞር ኤቶሬ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ።

«እሱ አለ። አሁን ያለው እሱ ብቻ ነው።»

ወር ሳይሞላ እሱ የሚጽፍበት አሮጌ ኮምፒዩተር አልነሳም አለ። ሲኞር ኤቶሬ አዲስ አመጡ። ዲስኬቱን ሲከፍተው የመጣው ፑንጃቢ አልነበረም፤ የላቲን ፊደልና የቃለ አጋኖ ክምር ነው። እኔ አልገረመኝም፤ በአማርኛው ስንት ጊዜ ደርሶብኛል። ያኔ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የራሱ የፊደል አሠራር ነበረው፤ በአንዱ የጻፍከውን ሌላው አያውቀውም። የጉርዲፕ ፊደል ከአሮጌው ኮምፒዩተር ጋር ሞቶ ነበር። አዲሱ ደግሞ ዓለም ሁሉ የተስማማበትን አዲሱን አሠራር ብቻ ነው የሚያውቀው። እንግሊዝ አገር ያለ አንድ የድሮ ጓደኛው አሮጌውን ወደ አዲሱ የሚለውጥ ትንሽ ፕሮግራም በኢሜይል ላከለት። ሐሙስ ቀን ሦስታችንም ቆመን ስናይ ያ የላቲን ክምር ዓይናችን እያየ ወደ ፑንጃቢ ፊደል ተለወጠ። ጉርዲፕ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ቆመ።

«ይሄ የሰው ስም አይደለም» አለ። «ይሄም አይደለም።»

ጥፋቱ ሲሃሪ ላይ ነበር። ለእኔ እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ። እኛ «ከ»ን «ኪ» ለማድረግ ፊደሉ እግር ላይ ቅጥል እናደርጋለን። እነሱም «ኪ» ለማለት ምልክት ያደርጋሉ፤ እሷ ናት ሲሃሪ። ግን የምትቆመው ከፊደሉ በፊት ነው። ዓይን መጀመሪያ እሷን ያያል፣ አፍ ግን ፊደሉን አስቀድሞ እሷን ኋላ ይላታል። በአሮጌው ኮምፒዩተር ሲጻፍ እንደሚታየው ነው፤ ሲሃሪ ትቀድማለች። አዲሱ የሚፈልገው እንደሚነበበው ነው፤ ፊደሉ ቀድሞ፣ ሲሃሪ ተከትላ፤ ወደ ፊት የሚያወጣት ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው። የጓደኛው ፕሮግራም ፊደሉን ለወጠ እንጂ ተራውን አልለወጠም። ስለዚህ ሲሃሪ በሙሉ የራሷን ፊደል ትታ የጎረቤቷን ይዛለች። ቃል መነሻ ላይ የሆነችው ደግሞ የምትይዘው አጥታ ባዶ የነጠብጣብ ክብ ታቅፋ ቀርታለች። ለጓደኛው ጻፍንለት። ሥራ ቀይሮ ነው መሰለኝ፣ መልስ አልመጣም።

«አሎራ፣ እያንዳንዷን አንድ ፊደል ወደ ቀኝ ማሻገር ነው?» አልኩት።

«እያንዳንዷን። አንዳንዴ ሁለት ፊደል ተደራርቦ ከሆነ ሁለቱንም።»

«ስንት ገጽ ነው?»

«ከሁለት መቶ በላይ። አንዱ ገጽ ላይ ብቻ ሰማንያ ቆጥሬያለሁ።» የተሰነጣጠቀ ጣቱን አየ። «አባቴ እሑድ እሑድ ሲደውሉ ደረሰ ወይ ይሉኛል። ልብ ድካም አለባቸው። ብቻዬን ብሠራው ዓመት ይፈጃል።»

«እኔ በአሥር ጣት ነው የምጽፈው» አልኩት። «እርስዎ ያንብቡ፣ እኔ አሻግራለሁ።»

«ቋንቋውን ሳያውቁ?»

«ቋንቋውን ምን ያደርግልኛል? እሷን አሳዩኝ።»

እንዲህ ነው የጀመርነው። ወንበሩን አዙሮ አጠገቤ ተቀመጠ። በእርሳስ ጫፍ እየጠቆመ ያነባል፤ እኔ ሲሃሪዋን ከቦታዋ አንስቼ ከፊደሏ ኋላ አስቀምጣለሁ፤ ቃሉ ዘወር ብሎ ይስተካከላል። እሱ ቃሉን ደግሞ ይለዋል፣ ቀጥሎ እንሄዳለን። በመጀመሪያው ሐሙስ አራት ገጽ ሠራን። በሦስተኛው ወር ሳይጠቁመኝ አያት ነበር። ቋንቋውን ባላውቅም ሰዎቹን እየለመድኳቸው መጣሁ። ድምፁ ለሰለስ ካለ ሴት ናት፤ ፈገግ ካለ ቀልደኛ ሰው ነው። «ይሄ ማነው?» እለዋለሁ።

«ሸክላ ሠሪው ነው። ደንቆሮ ነበረ። ሰዎች ስለማይጠሩት አህያውን ይጠሩታል፤ አህያው ሲዞር እሱም ይዞራል።»

«የአህያውንም ስም ጽፈውታል?»

«ጽፈውታል። አባቴ ማንንም አልተዉም።»

እኔም ስለ ስምንታችን ታይፒስቶች፣ ከሥራ ስንወጣ ፒያሳ ኬክ ቤት ገብተን አንዱን ሚልፎሊ ለሁለት ስለምንካፈለው ነገርኩት። ስማቸውን ጠየቀኝ። ስምንቱንም ስነግረው አንድ በአንድ ደገማቸው። ስማቸውን በአፍ የጠራልኝ ሰው ካጣሁ ቆይቶ ነበርና ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። በዚያ ቀን ይሁን በሚቀጥለው ሐሙስ፣ እርስዎ ማለቱ ቀርቶ አንተና አንቺ ሆነናል። «ብሄንጂ» ማለቱንም ተወ። ጥሩወርቅ የሚለው ስሜ ስለሚረዝምበት «ጥሩ» ይለኝ ጀመር። እህቴ ማለቱን ያቆመበትን ቀን ልብ ብያለሁ። እሱም ልብ እንዳልኩ አይቷል። ሁለታችንም አልተናገርንም። እኔ ያኔ አርባዎቹን አጋምሻለሁ፤ አዲስ አበባ ገንዘብ እየላክሁ የማሳክማት እናት አለችኝ፤ እሱ ሌላ አገር፣ ሌላ ሃይማኖት። ሐሙስ ጧት ግን ገና ሳልነሳ የካፖርቴን ቁልፎች እቆጥር ነበር።

አባቱ ሆስፒታል ገቡ። ጉርዲፕ ግን መሄድ አልቻለም፤ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ፔርሜሶው፣ አልታደሰም፣ በእጁ ያለው የማመልከቻው ደረሰኝ ሪቼቩታ ብቻ ነው፤ በእሱ ወጥቶ ቢመለስ እንዳይገባ ይከለክሉታል ብለውታል። ፈቃድ የሚሰጥበት ፖሊስ መምሪያ፣ ኩዌስቱራ፣ ሰልፍ ላይ አብሬው ሁለት ጧት ቆምኩ። በፀደይ ወጣለት። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቲኬት ቆረጠ፣ ሥራውን ተሰናበተ። አርባ ገጽ ቀርቶን ነበር፤ በአንድ ሐሙስ አያልቅም።

ለሲኞራዬ ስድስት ዓመት ስሠራ ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም። ቁርሳቸውን አቅርቤ ቆምኩና «ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ልውጣ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ታመምሽ?»

«አልታመምኩም።»

«ወንድ ነው?»

«አንድ ሽማግሌ አባት ናቸው ሲኞራ። ሳይሞቱ የሚሰሙት ነገር አለ።»

አዩኝ፣ አዩኝና «ፊትሽ ግን የሽማግሌ ጉዳይ አይመስልም» አሉ። «ሂጂ። ልጄ ትመጣልኛለች።»

አራት ቀን ከጧት እስከ መዝጊያ ሠራን። ሲኞር ኤቶሬ ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉልን፤ ምሳ ከጥጉ ምግብ ቤት ሱፕሊ፣ የተጠበሰ የሩዝ ኳስ፣ እያመጡ የፊደል ሰሌዳው ላይ ዘይት እንዳናንጠባጥብ ይቆጡናል። ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻዋን አሻገርኩ። እሱ የመጨረሻውን መስመር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበና ሁለታችንም ስክሪኑን እያየን ቆየን። ሲኞር ኤቶሬ ወረቀት እስኪያልቅባቸው አትመው፣ እንደ ድሮው በእጃቸው በሰማያዊ ጨርቅ ጠረዙት። አንድ ቅጂ። «አርባ ዓመት አትሜ ምን እንደሚል የማላውቀው ሥራ ይሄ ብቻ ነው» አሉ።

ቅዳሜ ኦስቲዬንሴ ጣቢያ ሸኘሁት። መጽሐፉን በፎጣ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞታል።

«ካልተመለስኩ ትመጫለሽ?» አለኝ።

«መጀመሪያ አንብብላቸው» አልኩት። ባቡሩ ሲሄድ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

የደወለው በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው፣ ሱቁ ስልክ ላይ፣ ሐሙስ ቀን። አባቱ ከሆስፒታል ወጥተው በረንዳ ላይ አልጋ ዘርግቶላቸው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲያነብላቸው ከረመ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ አንዱ ቤት ሲያልቅ ቀጥል እንደማለት ጣታቸውን ያነሳሉ።

«አንድ ቀን አስቆሙኝ» አለኝ። «እንዲህ የሚባል ሰው መንደራችን ውስጥ የለም አሉ። ደጋግሜ ባየው አንዲት ሲሃሪ ሳናሻግራት ቀርታለች።»

«የቱ ገጽ ላይ?»

«ስለ አህያው ያሳቅሁሽ ገጽ ላይ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያበቃ፣ አባቱ ብርዱ ሲገባ እንደሞቱ ነገረኝ። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ የተወለዱበትን ቤት ክፍል ሁለት ጊዜ አስደግመው ነው የሞቱት። መሬቱንና እናቱን ትቶ መመለስ እንደማይችል ነገረኝ።

«ነይ ጥሩ» አለኝ። «ለማየት ብቻ ነይ። ካልወደድሽው ትመለሻለሽ።»

እናቴ ትዝ አለችኝ። ሰው ምን ይለኛል የሚለውም መጣ። ከሁሉ በላይ ግን ፈራሁ፤ ሐሙስ ከሰዓት ከሁለት እስከ አራት ተኩል ብቻ የማውቀውን ሰው ቀን ሙሉ ማወቅ ፈራሁ።

«ወረቀቴ አላለቀም» አልኩት። «ብወጣ አያስመልሱኝም። ካርታ ዲ ሶጆርኖዬ፣ ቋሚ ፈቃዴ፣ እስኪወጣ ነው።»

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አለ በቀስታ። «ወረቀት ጊዜ ይወስዳል። እኔ አልቸኩልም።»

ሁለት ዓመት በየአዲስ ዓመታቸው ደወለልኝ። አንድም ቀን ስለ ወረቀቱ አልጠየቀኝም። ከዚያ ሲኞር ኤቶሬ ሱቁን ዘጉ፤ ስልኩም ተቆረጠ።

«ነይ» ባለኝ በዚያ ሐሙስ ስልኩን ዘግቼ ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። ለማን እንደዋሸሁ ትዝ ያለኝ ትራም ፌርማታው ላይ ቆሜ ነው። ካርታ ዲ ሶጆርኖዬ ከወጣ ዓመት አልፎት ነበር። የወጣ ቀን ከኩዌስቱራ በቀጥታ ሱቁ ይዤው ገብቼ፣ ሲኞር ኤቶሬ ምሳ ወጥተው ስለነበር፣ ከእጄ ተቀብሎ ፊትና ጀርባውን ኮፒ ያደረገልኝ፣ «አሁን እንግዲህ የፈለጉበት መሄድ ይችላሉ ብሄንጂ» ያለኝ ጉርዲፕ ነበር።